የሶፋው ሕግ

ሮይ ቴቪስ ከሰማይ ሲወርድ፣ መሬት ሊነካ ሲል መሪ ገመዶቹን አልሳበም። የዕድሜውን እኩሌታ ሲዘል የኖረ ሰው ይህን አይረሳም። ፓራሹቱ እንደ ፈቀደው አንሳፎ፣ የዘላዮቹን አጥር አሻግሮ፣ የላም አርቢው የሃርላን ቮስ መስክ ላይ ጣለው። መርማሪ ዴልበርት ኩንዝ ሲደርስ ሰውየው ሞቷል። የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቱታው በቀኝ እግሩ በኩል በደም ርሶ ጠቁሯል፤ ሣሩም እንደዚያው።

ከአስከሬኑ አጠገብ ቤቨርሊ ስትራንድ የራስ ቁሯን ሆዷ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። ቤቨርሊ በፌርሎ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ስታስተምር ነው ፀጉሯ የሸበተው። የከተማው ግማሽ «ቲቸር» ነው የሚላት። ኩንዝም ተማሪዋ ነበር።

«ቲቸር፣ ምን ሆነ?»

«እሱን ተከትዬ ነው የወረድኩት። አጠገቡ ሳርፍ ደም በደም ሆኗል። ላቆመው ሞከርኩ፣ ዴልበርት። ይኸው እጄን እየው።»

እጇ እስከ ክርኗ ደም ነበር።

«ምን መታው?»

ቤቨርሊ እጇን ሣሩ ላይ ጠረገች። «ተኩስ ሰምቻለሁ» አለች በመጨረሻ። ወደ ቮስ በረት አየት አድርጋ ዓይኗን መለሰች።

ለኩንዝ ይቺ በቃችው። ቮስ «ያንን ጩኸታም አውሮፕላናችሁን አንድ ቀን አወርደዋለሁ» እያለ ሲዝት ያልሰማ የአገሩ ሰው የለም። ኩንዝ መምህርቱን ደግፎ አስነሳ። የራስ ቁሩን ልያዝልዎት ቢላት እምቢ አለች። ከነራስ ቁሯ መኪናዋ ድረስ አድርሶ በሩን ከፈተላት።

ቮስ በረቱ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ላም እያለበ ነበር። ጠመንጃው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ አፈሙዙ ገና ባሩድ ባሩድ ይሸታል።

«ዛሬ ተኩሰዋል?»

«ተኩሻለሁ። ቀበሮ ጥጃዬ ላይ ሲያደባ አገኘሁት።»

«ማን አየዎት?»

«ቀበሮው።»

ኩንዝ አልሳቀም። ካቴናውን ሲያወጣ ሽማግሌው ከላሟ ግት ላይ እጁን ሳያነሳ ቀና አለ።

«እሺ፣ እሄዳለሁ። ይቺን አንዷን ግን ልጨርሳት። ማሽኑን አትወድም፣ በእጅ ነው የማልባት። ግማሽ ላይ ነኝ።»

«ላሟ ትቆያለች።»

«ላም አትቆይም፣ ልጄ።»

እውነቱን ለመናገር ኩንዝ የቸኮለው የቴሌቪዥን መኪና ወደ ቮስ ግቢ ስትታጠፍ ስላየ ነው። በዚያች ምሽት ፌርሎ ሁሉ፣ ሃርላን ቮስ ጫማው ላይ ወተት እንደፈሰሰበት ወደ ፖሊስ መኪና ሲገፋ አየ። የሚገፋው ኩንዝ ነበር፤ ደረቱን ነፍቶ።

*

የዘላዮቹ መጋዘን ውስጥ፣ ከተንጠለጠሉት ፓራሹቶች ሥር፣ ስፖንጁ የወጣ አሮጌ ሶፋ አለ። ነፋስ ሲበረታና አውሮፕላኑ መነሳት ሲያቅተው ዘላዮቹ እሱ ላይ ተጨናንቀው ይከራከራሉ። ስለ ምርጫ ይከራከራሉ፣ ስለ ነዳጅ ታክስ፣ ስለ ትምህርት ቤት ምሳ፣ ውሻ ይታሰር ይፈታ በሚለው ሳይቀር። በጠመንጃ ጉዳይማ ከአፍ አልፎ ወንበር እስከ መወርወር የደረሱበት ቀን አለ። ያን ዕለት ግን ሶፋው በአንድ ቃል ተስማምቶ ኩንዝን ጠበቀው።

«ቮስ ነው» አለ አንዱ ጺማም። «እንዲህ ዓይነቱ ሽማግሌ ቀድሞስ ለምን ጠመንጃ ይኖረዋል?»

«ጠመንጃው ምን አጠፋ?» አለችው አንዷ። «ሰውየው ነው እንጂ።»

«ሰውየው በባዶ እጁ ምን ያደርግ ነበር? ያፏጭ ነበር?»

«እባካችሁ፣ ዛሬ እንኳ ተዉ» አለ የቦታው ባለቤት ዱዌን ፒክ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል። ኩንዝን ራቅ አድርጎ ወሰደው።

«ሮይን የሚጠላው ማን ነበር?» አለው ኩንዝ።

«ሁላችንም። ነፋስ ሲሆን ማለቴ ነው። ነፋሱ ሲቆም ወንድማችን ነው።»

«ዛሬስ ከማን ጋር ተጣላ?»

«ከቲቸር ጋር። አስተማሪ ሽጉጥ ታጥቆ ክፍል ይግባ አይግባ ነበር ነገሩ። ሮይን ታውቀው የለ? ‹ሽጉጥ በራሱ አይተኩስም፣ ጣት ይፈልጋል› ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ መሣሪያ ጥንቃቄ የሚያስተምረውን እኛ ላይ ነው የሚለማመደው። እሷ ደግሞ ‹አንተ ታቅፈኸው ሳትተኛ አትቀርም› አለችው። ‹ገላዬን ስታጠብም አይለየኝ› አላት። ሳቅን።»

«አውሮፕላን ላይስ?»

ዱዌን በሩ ላይ የተቸነከረውን ሰሌዳ አሳየው። መሣሪያ ይዞ መሳፈር ክልክል ነው ይላል። «እዚህ ላይ አልቀልድም። ሮይም መኪናው ውስጥ ትቶት ነው የሚመጣው።»

ኩንዝ መኪናውን አላየም። ለምን ያያል? ገዳዩን አስሮ መጥቷል።

*

በማግስቱ ጠዋት የጥይቱን ቀለህ ሊፈልግ ወደ ቮስ መስክ ሄደ። ወደ ግቢው ሲገባ የቤቨርሊ መኪና ስትወጣ ተላለፉ። እጁን ቢያነሳላት አላየችውም፣ ወይም ያላየች መሰለች።

የሽማግሌው ሚስት ኢርማ ቮስ በከዘራዋ ተደግፋ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ በረት መግባት አትችልም።

«ቲቸር ናት» አለችው። «ሳይነጋ መጥታ ላሞቹን አለበችልኝ። አባቷ ላም ነበራቸው፣ ታውቅበታለች። ከዚህ መንደር አንድ ሰው አልመጣም፣ ደዋይም የለም። እሷ ብቻ። ቁርስ ብዪ ብላት አልቀመጥም ብላ በረረች።»

«ደግ ሰው ናት።»

«ይቺን አድርስልኝ እንግዲህ።» የፕሪም ማርማላታ የሞላ ብልቃጥ ሰጠችው። «ሃርላን ሰው ላይ አይተኩስም፣ አቶ ኩንዝ። ይጮሃል። ዕድሜውን ሙሉ ሲጮህ ነው የኖረው። አንድም ሰው ነክቶ አያውቅም።»

ኩንዝ ይህን ከስንት እስረኛ ሚስት ሰምቶታል። ብልቃጡን ከጎኑ ወንበር ላይ አስቀመጠ። አንድ ቀለህ ብቻ አጥሩ ሥር፣ ከበረቱ ጀርባ አገኘ። ጥቂት ራቅ ብሎ የሞተ ቀበሮ ወድቋል። ሣሩን ገልጦ ሁለተኛ ቀለህ ፈለገ፤ የለም። ለሁለት ተኩስ ጊዜ ነበረው ብሎ ራሱን አጽናና።

*

የአስከሬን መርማሪዋ ሐኪም ከሰዓት በኋላ ደወለችለት።

«ቱታውን አይተኸዋል?» አለችው።

«አይቼዋለሁ።»

«ጥይቱ የገባበትን ቀዳዳ የት ጋ አየኸው?»

«አላየሁትም።»

«እኔም አላገኘሁትም» አለች። «ደሙን አጥቤ ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት። ከሥሩ የለበሰው ሱሪ ተቀዷል፣ ቆዳውም በባሩድ ተለብልቧል። ቱታው ግን ደህና ነው። ጥይቱ ብሽሽቱ ጋ ገብቶ ወደ ታች ወርዶ ጉልበቱ ላይ ቀርቷል። የሽጉጥ ነው እንጂ የጠመንጃ አይደለም።»

«ሽጉጡ ከቱታው ውስጥ ነበር ማለት ነው?»

«ማለት ነው። ራሱ የያዘው ሽጉጥ ነው የገደለው። ግን እኮ ሽጉጥ አልላካችሁልኝም። ሌላም አለ። ዚፑ እስከ አንገቱ ተዘግቷል፤ የዚፑ መያዣ ላይ ደም የነካው ጣት አሻራ አለበት። ያንን ያህል ደም የፈሰሰው ሰው ተነስቶ ዚፕ አይዘጋም።»

«ማትረፍ ይቻል ነበር?»

«ወዲያው ከላይ ቢታሰርለት? ምናልባት።»

ስልኩን ሲዘጋ ኩንዝ የሚገባበት ጠፋው። ሃያ ዓመት የሠራ መርማሪ ሰው በጥይት ተመታ ሲሉት፣ ጥይቱ በየት ገባ ብሎ አልጠየቀም። አጎንብሶ ቱታውን አልነካም። ገዳይ ሊይዝ ወደ በረቱ ሮጠ፤ ከዚያ ካሜራ ፊት ደረቱን ነፋ። የቮስን መፍቻ ወረቀት ለዳኛው ላከና ወደ መጋዘኑ ነዳ።

*

የሮይ መኪና እዚያው እንደቆመ ነው። ሽጉጡን የሚቆልፍበት ሣጥን ወንበሩ ሥር ክፍት ሆኖ ተገኘ፤ ባዶ ነው።

«ይዞት ዘሏል» አለ ኩንዝ። ዱዌን ፒክ ፊቱ አመድ መሰለ። «ፓራሹቱ ሲከፈት ምን እንደሚሆን አንተ ከእኔ ታውቃለህ።»

«የእግር ቀበቶው ወደ ላይ ይስብሃል። እንደ ቡጢ ነው።» ዱዌን በገዛ እጁ ብሽሽቱን ነካ። «እዚህ ላይ አድርጎት ከሆነ… የሽጉጡ ማህደር ጨርቅ ከሆነ… ቃታውን ይጨምቀዋል።»

«ሽጉጡን ከሬሳው ላይ ያነሳኸው አንተ ነህ?»

«እኔ?»

«አውሮፕላንህ ላይ መሣሪያ ተገኘ ከተባለ ቦታህ ይዘጋል።»

«ዴልበርት፣ ይቺን ሆዴን እያት። አጥሩን ስዘል ተቀርቅሬ ያወረዱኝ የአንተ ፖሊሶች ናቸው። ጠይቃቸው።»

ጠየቃቸው፤ እውነት ነበር። ሲያወርዱት ሱሪውም ተቀዶ ነበር አሉ።

ኩንዝ የአስከሬኑን ፎቶ አውጥቶ አሳየው። የደረት ቀበቶው ዚፑን አቋርጦ ያልፋል፤ ቀበቶውን ሳያላሉ ዚፑን መክፈት አይቻልም። ትርፉ ጫፍ እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር ተጠቅልሎ በቢጫ ላስቲክ ታስሯል።

«እንዲህ መጠቅለልማ የሮይ ልማድ አይደለም» አለ ዱዌን። «ሮይ ትርፉን አንጠልጥሎት ነው የሚሄደው። ሲዘል አገጩን እየመታው እንኳ አይገደውም።» ስልኩን አውጥቶ ሲሳፈሩ ያነሳቸውን ፎቶ ፈለገ። ሮይ አውሮፕላኑ በር ላይ ቆሞ ጥርሱን ገልጧል፤ ጫፉ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ኩንዝ ወደ ግድግዳው ዞረ። ዘላዮቹ የሚታጠቋቸው የፓራሹት ማሰሪያዎች በየባለቤታቸው ስም ተሰቅለዋል። ሁሉንም አንድ በአንድ አየ። ትርፉ ተጠቅልሎ በቢጫ ላስቲክ የታሰረው አንዱ ብቻ ነው። ከላዩ ስትራንድ የሚል ስም ተለጥፏል።

«ከመሳፈራቸው በፊት ሮይን የፈተሸው ማነው?» አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

«በሶፋው ሕግ ነዋ።»

«የምን ሕግ?»

«ሶፋው ላይ የተጣሉ ሁለት ሰዎች፣ ወደ አውሮፕላኑ ሲሄዱ አንዱ የሌላውን ማሰሪያ ይፈትሻል። ሌላ ሰው አይነካቸውም። ጠቡ መሬት ላይ እንዲቀር ብለን ያወጣነው ነው። የእግር ቀበቶውን ዙሪያውን በእጅህ ትዳብሳለህ። ደህና ከሆነ ትከሻውን መታ ታደርገዋለህ። ነፍስህን አይቼልሃለሁ እንደ ማለት ነው።»

«የእግር ቀበቶውን፣ በእጅ።»

ዱዌን ሄዶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ጭንቅላቱንም ያዘ።

*

ቤቨርሊ በሩን ከፍታ ወጥ ቤት አስገባችው። ኩንዝ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ኢርማ ቮስ የላከችልዎት ነው። ስላለቡላት።»

ቤቨርሊ እጇን ዘርግታ ነበር፤ ሰብስባ ከኋላዋ ደበቀችው።

«ውሰደው» አለች። «ዴልበርት፣ ከዚህ ቤት አውጣልኝ።»

«ቲቸር፣ የሮይን የእግር ቀበቶ ዳብሰዋል።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። እሱ ቆሞ ቀረ፤ ድሮም እሷ ቁጭ በል ሳትለው አይቀመጥም ነበር።

«ዳብሻለሁ። ብሽሽቱ ላይ ጠንካራ ነገር ነካኝ። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ቀና ብዬ ሳየው በዓይኑ ጠቀሰኝ።»

«ለምን አላስቆሙትም?»

«ማሸነፍ ስለፈለግኩ።» ይህን ስትል ፊቷ ቀላ። «ስናርፍ ሰው ሁሉ ባለበት ዚፑን ላስከፍተው ነበር። የጥንቃቄ አስተማሪው ብሽሽቱ ውስጥ ደብቆ ያመጣውን ለሶፋው ላሳይ። አንዴ እንዲያፍርልኝ። ምን ብዬ እንደማላግጥበት አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሰላስል ነበር። ስፈትሸው ፈገግ ብዬ ትከሻውን መታ አደረግኩት፣ ዴልበርት። ደህና ነህ ብዬ።»

«ከዚያስ?» አለ ኩንዝ።

«ፓራሹቱ ሲከፈት ጧ አለ። ሁልጊዜም ጧ ይላል፣ ልብ አላልኩትም። አጠገቡ ሳርፍ ገና ይናገር ነበር። እግሬን ያዢልኝ አላለኝም። ‹ቤቭ፣ ውሰጂልኝ፣ እንዳይስቁብኝ› አለኝ። እኔም እሱን አስቀደምኩ። የጭን ትልቁ ደም ሥር የት ጋ እንደሚያልፍ ለአንተም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬልሃለሁ። ቀበቶውን አላላሁ፣ ሽጉጡን አወጣሁ፣ ዚፑን ዘጋሁ፣ ቀበቶውን አጠበቅኩ። ትርፉን ስጠቀልል አልታወቀኝም፣ እጄ በልማዱ ነው የጠቀለለው። ከዚያ ነው እግሩን የያዝኩት። ያኔ በሕይወት አልነበረም።»

«ቮስስ?»

«ተኩስ ሰምቻለሁ ያልኩህ አልዋሸሁም። ቀበሮውን ሲተኩስ ሰምቻለሁ። አንተ ወደ በረቱ ስትሮጥ ግን ልጠራህ ይገባ ነበር። አልጠራሁህም። ሶፋው ቮስ ነው ሲባባል እየሰማሁ ዝም። ዛሬ ለኢርማ እናገራለሁ ብዬ ሄድኩ፤ ላሞቹን አልቤ ተመለስኩ። ኢርማ አቅፋ ስትስመኝ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ሽጉጡ ማቀዝቀዣው አናት ላይ ነበር፤ በራስ ቁሩ ውስጥ፣ በደም እንደተለወሰ። ጥይቱ እንዴት እንደሚወጣ ስለማታውቅ አልነካችውም። ከእሱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ማደር ፈርታ መኪናዋ ውስጥ ነው ያደረችው። ኩንዝ ጥይቶቹን አውጥቶ በከረጢት ሲያደርግ ያን የራስ ቁር አስታወሰ። ልያዝልዎት ብሏት ነበር። የመኪናዋን በር የከፈተላትም እሱ ነው።

«እግሩን ባስቀድም ኖሮ» አለች ከኋላው። «ሐኪሟ ምን አለች?»

መዋሸት ይችል ነበር። ግን በዚህ ጉዳይ ውስጥ ሰውን ከሃፍረት ለማዳን ተብሎ የተደረገው በቂ ነው።

«ምናልባት ነው ያለችው።»

ቤቨርሊ ራሷን ነቀነቀች። ኮቷን ለበሰች፣ መብራቱን አጠፋች፣ ቀድማውም ወጣች። ብልቃጡን ኩንዝ ይዞት ወጣ።

*

ዳኛው ፈርሞ፣ ኩንዝ ቮስን ራሱ ወደ ቤቱ ወሰደው። ካሜራ የያዘ ሰው አልነበረም። 

«ላሞቼን ማነው ያለባቸው?» አለ ቮስ።

ኩንዝ ነገረው። ሁሉንም ነገረው፤ የራሱንም ጭምር። ሽማግሌው በመስኮቱ መስኩን እያየ ሰማው፤ አልሰደበም፣ አልጮኸም። ቢጮህ ለኩንዝ ይሻለው ነበር።

ኢርማ ደጃፍ ላይ ባሏን አቅፋ ቆየች። ከዚያ ብልቃጡን ኩንዝ እጅ ላይ አየችው።

«አላደረስክላትም?»

«አልወስድም አለች።»

ለምን እንደሆነ ባሏ በሁለት ቃል ነገራት። ኢርማ ብልቃጡን ተቀበለች፤ በሽርጧ ወልወል አድርጋ ከጠረገችው በኋላ ይዛው ገባች።

ቮስ በቀጥታ ወደ በረቱ ነው የሄደው። ኩንዝ ተከተለው፤ መሄድ አቅቶታል፣ መቆምም አፍሯል። ሽማግሌው ላሞቹን በየተራ እየዳበሰ አለፈ።

«በደንብ ነው ያለበቻቸው» አለ። ደስ ብሎት አልነበረም የተናገረው፤ ይህን ባይመሰክርላት የመረጠ ይመስል ነበር።

«አቶ ቮስ» አለ ኩንዝ፤ «ባደረግኩት ነገር አፍሬያለሁ።»

ቮስ እስከ በረቱ ጥግ ሄዶ ቆመ። እዚያ አንዲት ላም የኋላ እግሮቿን አንፈርክካ፣ ራሷን አቀርቅራ ቆማለች። መኖዋ አልተነካም። ግቷ ቀልቶ አብጧል።

«ቲቸርህ ስትደርስ ይቺ ሌሊቱን ሙሉ ወተቷን ቋጥራ አድራለች። አላስነካም ብላት መሆን አለበት የተወቻት።» ወደ ኩንዝ ዞረ። «ይቺን ታውቃታለህ?»

ኩንዝ አወቃት።

«ትቆያለች ብለህ አልነበር? ይኸው፣ ቆይታልሃለች። ና ዳስሳት።»

ኩንዝ ባርኔጣውን አወለቀ። የሚያኖርበት አጥቶ ጭዱ ላይ ጣለው። ተንበርክኮ እጁን ዘረጋ። ግቷ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ትኩሳቱ መዳፉን አቃጠለው። ላሟ ተንቀጠቀጠች፣ ግን አልረገጠችውም።